«አበበ» አበባ ነውን?
ስለ አበባ ነክ የተጸውኦ ስሞች አፈታት የቀረበ ሂስ

የተጸውኦ ስሞችን ትርጉም የሚዘረዝሩ መጻሕፍትና መድበሎች በአገራችን እየበዙ መጥተዋል። ልጅ የተወለደለት ወላጅ፣ ስሙን ለባዕድ ሰው ማስረዳት የሚሻ መንገደኛ፣ የቃላት ጥናት የሚያካሂድ ተማሪ ሁሉ ይገለገልባቸዋል። ይሁንና አብዛኞቹ የሚጋሩት አንድ ጉድለት አለ፤ ይኸውም ስሙን በአንድ ቃል ፈትቶ ማለፍ ነው። ጉድለቱ በተለይ ጐልቶ የሚታየው በአበባ ነክ ስሞች ላይ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ እነዚህኑ እንመረምራለን።

ለማሳያ ያህል ከአዲስ አበባ ሠፈሮች ልደታን እንውሰድ። ሠፈሩ ስያሜውን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዓሉም ግንቦት 1 ቀን ይከበራል። «ልደታ» ራሱም ለሴት ልጅ የሚወጣ ስም ነው። በዚያው በሚገኘው የፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ባለጉዳዮች በየስማቸው ሲጠሩ የሚያዳምጥ ሰው አበበንና አበበችን፣ ጽጌንና ሶስናን፣ ደራርቱንና ዘሃራን በአንድ ረፋድ ሊሰማ ይችላል። መድበሎቹ እነዚህን ሁሉ «አበባ» በሚል ፍቺ ያጠቃልሏቸዋል። ስሞቹ ግን በአመጣጥም ሆነ በአገባብ አንድ አይደሉም።

በመጀመሪያ «አበበ»ን እንመልከት። «አበባ» ስም ነው፤ «አበበ» ግን ግስ ነው። ያውም በኀላፊ ጊዜ የተነገረ፣ ባለቤቱን በውስጡ የያዘ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ፍቺው «አበባ አወጣ፣ ፈካ» እንጂ «አበባ» አይደለም። «አበበች» ይህንኑ በአንስታይ ጾታ ትናገራለች። «አበባየሁ» ደግሞ «አበባ» እና «አየሁ» ከሚሉት ቃላት የተጣመረ ሲሆን፣ የግሱ ባለቤት ልጁ ሳይሆን ስም አውጪው ነው። «አበበ» በሚለው ስም የፈካው ማን ነው? ልጁ ነው ወይስ ቤቱ፣ ወይስ የወላጁ ተስፋ? ስሙ ይህን አይወስንም፤ ትርጉሙ የሚሞላው ስሙ በወጣበት አጋጣሚ ነው። «በቀለ»፣ «ዘነበ»፣ «ደመቀ» የሚሉት ስሞችም በዚሁ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው።

ይህ ጠባይ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በኦሮምኛ «ደራርቱ» የተገኘው ማበብን ከሚያመለክተው ግስ ነው፤ የምታብብ፣ የምትፈካ ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. በሮማ፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የማራቶንን ድል የተቀዳጀው የአበበ ቢቂላ ስም ደግሞ ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድነት ይዟል። «ቢቂላ» በኦሮምኛ ከመብቀል ጋር የተያያዘ ነውና፣ የአባትና የልጅ ስም ሲነበብ መብቀልና ማበብ ይከታተላሉ። በአንድ ቃል የሚፈታ መድበል ይህን ሊያሳይ አይችልም። ከዚህም በላይ አበባ የሴት ስም ብቻ ነው የሚለው ግምት በእኛ አገር እንደማይሠራ የታወቀው ወታደር ስም ይመሰክራል።

ወደ «ጽጌ» ስንሻገር ሌላ ዓይነት ስም እናገኛለን። ቃሉ የግዕዝ ሲሆን «ጸገየ» (አበበ) ከሚለው ግስ የወጣ ስም ነው፤ ወንዱም ሴቷም ይጠሩበታል። ብዙ ጊዜም «ጽጌ ማርያም»፣ «ጽጌ ድንግል» ከመሳሰሉ ጥምር ስሞች ያጠረ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው ወርኀ ጽጌና በአባ ጽጌ ድንግል እንደ ተደረሰ የሚነገርለት ማኅሌተ ጽጌ ለስሙ ሕይወት ሰጥተውታል። ስለዚህ «ጽጌ»ን «አበባ» ብሎ ብቻ መፍታት የስሙን ግማሽ ቆርጦ መጣል ይሆናል።

ከዚህ የከፋው በድምፅ መመሳሰል የሚመጣው ስሕተት ነው። «ጸጋዬ» ከ«ጽጌ» ጋር በአንድ ረድፍ ሲመደብ ይታያል፤ ሆኖም ሥሩ «ጸገወ» (በቸርነት ሰጠ) ነው፤ ከ«ጸገየ» ጋር አይገናኝም። በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ማመሳከር ይህን ስሕተት ባስቀረ ነበር። በ«ጽጌረዳ» ውስጥ ያለው «ረዳ»ም «አገዘ» ከሚለው የአማርኛ ግስ ጋር ዝምድና የለውም። «አደይ» በአማርኛ በመስከረም የምትፈካው ቢጫ አበባ ስትሆን፣ በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው። «ዘሃራ»ም ማበብንና ማብራትን በሚያስተባብር የዐረብኛ ሥር ላይ የቆመ ነው፤ ለነቢዩ ልጅ ለፋጢማ የተሰጠው ቅጽል በዋናነት የሚፈታው «ብርሃናማ» ተብሎ ነው።

«ሶስና» ምንጩ ዕብራይስጥ ነው፤ የአበባውን ዓይነት አንዳንዱ ተርጓሚ ሱፍ አበባ፣ ሌላው ጽጌረዳ ይለዋል። አማርኛ ተናጋሪ ስሙን ሲሰማ ግን በኅሊናው የምትመጣው አበባዋ ሳትሆን በሁለት ሽማግሌዎች በሐሰት የተከሰሰችው ንጽሕት ሴት ናት። የምንጩ ፍቺና በሰሚው ዘንድ ያለው ፍቺ ተለያይተው መጻፍ አለባቸው የምንለው ስለዚህ ነው።

በአንድ ቃል የመፍታት ልማድ የሚስማማቸው ስሞች የሉም አንልም። በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተስፋፉት ሮዝ፣ ሊሊ፣ ቫዮሌት የተባሉት የሴት ስሞች የታወቀ አበባ ስም በቀጥታ የተወሰደባቸው ናቸው። ስሕተቱ ለእነዚያ የተሰፋውን ልብስ ለእኛ ስሞች ማልበሱ ላይ ነው።

በመሆኑም የስም መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው ለእያንዳንዱ ስም አራት ነገሮችን እንዲያሟላ እናሳስባለን፦
ሀ/ ስሙ ግስ፣ ስም ወይም ጥምር መሆኑን፤ ያጠረ ከሆነም ሙሉ ቅርጹን፤
ለ/ የምንጩን ቋንቋና ሥር፤
ሐ/ ለወንድ፣ ለሴት ወይም ለሁለቱም ማገልገሉን፤
መ/ ስሙ የሚወጣበትን አጋጣሚና ዛሬ በሰሚው ዘንድ ያለውን ፍቺ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከመጻሕፍትና ከሕዝቡ አጠራር ይገኛሉ። አራተኛው ግን የሚገኘው ከስም አውጪዎቹ አንደበት ነው፤ አያቶችና ወላጆች ሳያልፉ ካልተጠየቁ «አበበ» የተባለው ልጅ ያበበበት ምክንያት ከእነርሱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ የስም ለቀማው ሥራ ከጽሕፈት ጠረጴዛ ወጥቶ ከየቤቱ ሊጀመር ይገባዋል።