የዘፈን ምትና የቋንቋ ድምፀት

ዘፈን ለወጣቱ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም፤ «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄም መልስ የሚፈልግበት መስክ ነው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የኪነት ቡድኖች የየብሔረሰቡን ጭፈራ ወደ መድረክ አወጡ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሮፍናን «ነፀብራቅ» በተሰኘው አልበሙ አገርኛ ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር አዋሐደ። ሁለቱም ጥረቶች ሊመሰገኑ ይገባል። በአድማጩ ጆሮ የቀረው ግን ይበልጡን ምቱና ጭፈራው እንጂ የየብሔረሰቡ ቃል አይደለም።

ይህ ጉዳይ በሚዛን ተፈሪ አካባቢ ልዩ ክብደት አለው። የቤንች ቋንቋ በከፍታና በዝቅታ የሚለያዩ አምስት የድምፀት ደረጃዎችና አንድ ወደ ላይ የሚወጣ ድምፀት አለው፤ በፊደል አንድ የሆነ ቃል ድምፀቱ ሲለወጥ ፍቺውም ይለወጣል። ስለዚህ የቤንች ግጥም ለአማርኛ ቃላት በተቀመረ ዜማ ላይ እንዲሁ ቢጫን፣ ዜማውና ቃሉ ሊጋጩ፣ መልእክቱም ሊደበዝዝ ይችላል።

ዘመናዊው መሣሪያ በራሱ ጥፋት የለበትም። ቁም ነገሩ ዜማው ከየት ይነሣል የሚለው ነው። የዜማ ደራሲው አስቀድሞ የሽማግሌዎችን አንደበት ያዳምጥ፤ ዜማውንም ከቃሉ ድምፀት ያፍልቅ። ያን ጊዜ የቡና አገሩ ወጣት በኦርጋንም ሆነ በኮምፒዩተር ታጅቦ ሲዘፍን የሚሰማው የራሱን አንደበት ይሆናል።