ፓነሉ የማይሰማው ድምፅ

ጨርሶ ከሞተ የእሳት ማስጠንቀቂያ ስፒከር ይልቅ ድምፁ የሳሳ ያሳስበኛል። የሞተውን ያዳመጠ ሁሉ ያውቅበታል። የሳሳው ግን በሙከራ ቀን ኮሪደሩ ላይ ለቆመ ሰው ይሰማልና «ይሠራል» ተብሎ ይመዘገባል። በሩን ዘግቶ የተኛው እንግዳ ጋ ይድረስ አይድረስ ማንም አይጠይቅም።

«ጋሼ፣ ፓነሉ ላይ እኮ ምንም ፎልት የለም» ይሉኛል አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች። እውነታቸውን ነው፣ የለም። ሊኖርም አይችልም። ማስጠንቀቂያውን የሚቆጣጠረው ፓነል ወደ ስፒከሮቹ በሚሄደው ሽቦ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ዲሲ ኮረንት ይልካል፤ መስመሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሬዚስተር አለ። ሽቦው ሲበጠስ ኮረንቱ ይቋረጣል፣ ቢጫው መብራት ይበራል። ይህ ዲሲ ስፒከሩ ጀርባ ወዳለው ትራንስፎርመር እንዳይገባ በመካከሉ ካፓሲተር ይደረጋል፤ ዲሲውን ያግዳል፣ ድምፅ የተሸከመውን ኤሲ ያሳልፋል። ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን ፓነሉ ከካፓሲተሩ ወዲያ ያለውን አያይም። የስፒከሩ ወረቀት ቢቀደድ፣ ካፓሲተሩ ቢደርቅ፣ አንድ ሰው በናስትሮ ቢሸፍነው አረንጓዴው መብራት እንደበራ ይቆያል። የሚመሰክረው ለሽቦው ነው።

መጀመሪያ የማጣራው የሳሳው አንዱ ብቻ ነው ወይስ ፎቁ በሙሉ የሚለውን ነው። ፎቁ በሙሉ ከሆነ ኮርኒስ መክፈት ጊዜ ማባከን ነው፤ ጥፋቱ አምፕሊፋየሩ ወይም መስመሩ ላይ ይሆናል። አንዱ ብቻ ከሆነ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ከሥሩ ቆሜ አዳምጣለሁ። አነሰ የሚባል ድምፅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የታፈነ ከሆነ ወንፊቱን አያለሁ፤ ቀለም ቀቢዎች ከግድግዳው ጋር አብረው ቀብተውት ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ይገኛሉ። የሚሻክር ከሆነ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ከማግኔቱ ጋር እየተፋተገ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ ቀጭኑ ብቻ ከቀረ ካፓሲተሩን እጠረጥራለሁ። ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየደረቀ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ኮርኒስ ውስጥ ከሚግል መብራት አጠገብ የተሰቀለው ቀድሞ የሚደክመው ለዚህ ነው።

ድምፁ ጥርት ያለ ሆኖ ዝቅ ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰው እጅ አለበት። ትራንስፎርመሩ ላይ ኃይሉን የምንመርጥበት ጃምፐር አለ፤ ሩብ ዋት፣ ግማሽ፣ 1፣ 2። ከሥሩ የሚቀመጥ ሠራተኛ «ጆሮዬን አደነቆረኝ» ብሎ ያማርራል፣ የጥገና ሰው ይመጣና ከ1 ዋት ወደ ሩብ ያወርደዋል። 6 ዴሲቤል ሄደ ማለት ነው፤ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም። ስፖንጅ የተጠቀጠቀበትም አውጥቻለሁ። እነዚህን ሰዎች መውቀስ ያስቸግረኛል፤ ማስጠንቀቂያው ያለምክንያት ሲጮህ ሰንብቶ እምነት አሳጥቷቸዋል፣ ያንን ማስተካከል የነበረብን እኛ ነን።

እኛ አገር ሌላም ጣጣ አለ፤ ዕቃው ከየአቅጣጫው ይገባል። የአሜሪካው ስፒከር ለ25 ወይም ለ70.7 ቮልት መስመር የተሠራ ነው፣ የአውሮፓው በብዛት ለ100። ለ70.7 የተመደበውን 25 ቮልት ላይ ብትሰቅለው የሚደርሰው ኃይል ስምንተኛ እጅ ብቻ ነው። ይህ የ9 ዴሲቤል ቅናሽ ነው፣ ለጆሮ በግማሽ ያህል ያነሰ ይመስላል። የ100ውን 70.7 ላይ ብትሰቅለው ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ 3 ዴሲቤል ስለሆነ ጆሮ እንኳ ብዙም አይለየውም፣ ስለዚህ ለዓመታት ይቀመጣል።

መለካቱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ስፒከሩን ከመስመሩ ነቅሎ በመልቲሜትር ኦም የሚያነብ ጀማሪ «ተበጥሷል» ይላል። አልተበጠሰም፤ ያው ካፓሲተር የሜትሩንም ዲሲ እያገደ ነው። የሚታመነው ልኬት ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ጫፎቹ ላይ የሚነበበው ኤሲ ቮልት ነው፣ ከመስመሩ መጀመሪያ ካለው ስፒከር ጋር ተነጻጽሮ። ከዚያ በፊት ለጥበቃዎቹና ለሕንፃው ነዋሪዎች መንገር ግድ ነው።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ድምፁ የማይበቃበትም ጊዜ አለ። ስፒከሩ ያው ነው፣ ሕንፃው ተለውጧል፤ አዳራሹ በግድግዳ ተከፋፍሏል፣ ምንጣፍ ገብቷል፣ ቀጭኑ በር በከባድ እንጨት ተተክቷል። ኤንኤፍፒኤ 72 የተባለው የአሜሪካ ደንብ ሰው በሚተኛበት ክፍል ትራስ አጠገብ ቢያንስ 75 ዴሲቤል፣ ድምፁም 520 ኸርዝ ገደማ የሆነ ዝቅተኛ ቃና እንዲሆን ይጠይቃል፤ ዝቅተኛ ቃና በርና ግድግዳ አልፎ የመሄድ አቅሙ የተሻለ ነው፣ የተኛንም ሰው በተሻለ ይቀሰቅሳል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ያረጀ ካፓሲተር ቀድሞ የሚነፍገው ዝቅተኛውን ድምፅ ነው፤ ያረጀ ጆሮ ደግሞ ቀድሞ የሚያጣው ከፍተኛውን። በቆየ ሕንፃ የሚተኙ አንድ አረጋዊ ከሁለቱም ወገን ይጎዳሉ።

ያገኘሁትን ደካማ ስፒከር በዎርክሾፕ እከፍተዋለሁ፣ ካፓሲተሩን በተመሳሳይ ማይክሮፋራድ እቀይራለሁ፣ ድምፁ ሲመለስ ደስ ይለኛል። ግድግዳው ላይ ግን አልመልሰውም። በፋብሪካ ተፈትኖ ለሕይወት አድን ሥራ የተፈቀደን ዕቃ የእኔ ብየዳ አይተካውም። ጃምፐር ማስተካከል፣ የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ አቧራ ማጽዳት፣ እዚያ ላይ እቆማለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በአዲስ ይለወጥ፣ ያውም ከመስመሩ ቮልት ጋር የሚስማማ መሆኑ ተረጋግጦ። ባለንብረቶች «እየሠራ ያለውን ለምን?» ይላሉ። ያን ጊዜ ድምፅ መለኪያውን ይዘን አንድ ክፍል እንገባለን፣ በሩን እንዘጋለን፣ ቁጥሩን ራሳቸው ያነቡታል።

ይህን ሙከራ መብራት አጥፍቼ ማድረግ እመርጣለሁ። በመብራት የሚሠራ አምፕሊፋየር ጥሩ ይጮሃል፤ ፓነሉ ሥር ያሉት ሁለት ባለ12 ቮልት ባትሪዎች ካረጁ ግን ስፒከሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲጮኹ ቮልቱ ይወድቃል፣ ድምፁም አብሮት። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል። ያው ደንብ ሰው በማይተኛበት ቦታ ማስጠንቀቂያው ከአካባቢው አማካይ ድምፅ በ15 ዴሲቤል እንዲበልጥ ያዛል፤ ለአዲስ አበባ ሕንፃ ያ የአካባቢ ድምፅ ጄኔሬተሩ እየሠራ መለካት አለበት።