ስለ ሕንድ የዜግነት ሕግ 4ኛ አንቀጽ የቀረበ ትችት

አንድ ሰው ሲወለድ የአንድ መንግሥት ዜጋ የሚሆነው በብዙ አገሮች ሕግ ዘንድ ከሁለት ነገሮች በአንዱ ነው፤ ይኸውም ወይ በዚያች አገር መሬት ላይ በመወለዱ፥ ወይም የዚያች አገር ዜጋ ከሆነ አባት ወይም እናት በመወለዱ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን፥ ማለት በትውልድ የሚገኘውን ዜግነት ነው። ለምርመራ የተመረጠውም የሕንድ ሕግ ነው፤ ምክንያቱም ከአገራቸው ውጭ የሚኖሩት ሕንዳውያን እጅግ ብዙዎች ከመሆናቸውም በላይ፥ ሕጉ በየጊዜው ሲሻሻል ከአንድ ወገን እየሰፋ ከሌላ ወገን እየጠበበ ስለ ሄደ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፥ ከኢትዮጵያ ሕጎች በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሕንድ ሕገ መንግሥት ጃንዩዌሪ 26 ቀን 1950 በሥራ ላይ ዋለ፤ የዜግነቱ ሕግ በ1955 ወጣ። በ4ኛው አንቀጽ መሠረት፥ ከሕገ መንግሥቱ መጽናት ወዲህ ከሕንድ ውጭ የተወለደ ልጅ፥ በተወለደበት ጊዜ አባቱ የሕንድ ዜጋ ከሆነ፥ እርሱም የሕንድ ዜጋ ሆነ። እናቲቱ ግን አልተቈጠረችም፤ የውጭ አገር ሰው ያገባች ሕንዳዊት በባዕድ አገር ብትወልድ፥ ልጇ ዜግነቷን አይወርስም ነበር። ይህ ጕድለት የታረመው ዲሴምበር 10 ቀን 1992 ሲሆን፥ ከዚያ ቀን ወዲህ ለተወለዱት ከሁለቱ ወላጆች የአንዱ ዜግነት በቂ ሆነ። ነገር ግን አዲሱ ደንብ ቀደም ብለው የተወለዱትን ስለማይጨምር፥ ከአንዲት እናት የተወለዱ ወንድማማቾች በትውልድ ረገድ ታላቁ ባዕድ፥ ታናሹ ሕንዳዊ ሊሆኑ ቻሉ።

ስለ መዝገብ የነበረው ደንብ ደግሞ በመጀመሪያ ጠባብ ነበር። የልጁ ወላጅ ራሱ ዜግነቱን ያገኘው በትውልድ ብቻ ከሆነና የሕንድ መንግሥት ሠራተኛ ካልሆነ፥ የልጁ ልደት በአንድ ዓመት ውስጥ በሕንድ ቈንስላ መመዝገብ ነበረበት። የደንቡ ዓላማ ግልጽ ነው፤ ሁለት ትውልድ በባዕድ አገር የተወለደ ቤተ ሰብ ከሕንድ ጋር ያለው ግንኙነት እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ነው። በ2003 የወጣውና ዲሴምበር 3 ቀን 2004 የጸናው ማሻሻያ ግን ይህን ግዴታ በሁሉም ላይ ጫነው። ወላጆቹ ሁለቱም በሕንድ ምድር ተወልደው ያደጉ ቢሆኑም እንኳ፥ ልደቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ያልተመዘገበ ልጅ የሕንድ ዜጋ አይደለም። ዓመቱ ካለፈ በኋላ መመዝገብ የሚቻለው በማዕከላዊው መንግሥት ፈቃድ ብቻ ነው።

ለሕጉ የሚከራከር ሰው ማስረጃ አያጣም። በየአገሩ የተበተነ ሕዝብ ያለው መንግሥት ዜጎቹን በመዝገብ ማወቅ ይገባዋል፤ መዝገብ ከሌለም ከሃያ ዓመት በኋላ የመጣውን ሰው የማን ልጅ መሆኑን ለማጣራት ያስቸግራል። በዚህ ላይ የሕንድ ሕግ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁለት ዜግነት እንዲይዝ አይፈቅድም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጥያቄው ግን መዝገብ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው አይደለም፤ መዝገብ የዜግነት ማስረጃ ይሁን ወይስ የዜግነት ምክንያት ይሁን የሚለው ነው።

ነገሩን በሁለት ሕፃናት እንመልከተው። አንደኛው ለንደን ከተማ የተወለደና ወላጆቹ በእንግሊዝ አገር የቋሚ ነዋሪነት መብት ያላቸው ሕንዳውያን ናቸው እንበል። በ1981 በወጣው የእንግሊዝ ሕግ መሠረት ይህ ልጅ ሲወለድ የእንግሊዝ ዜጋ ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ውስጥ ለማስተማር ከመጡ ሕንዳውያን የተወለደ ነው እንበል፤ የኢትዮጵያ ሕግ በአገሩ ላይ መወለድን ብቻ አይቶ የውጭ አገር ሰዎችን ልጅ ዜጋ አያደርግም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩት ሕንዳውያን ልጆችም ሁኔታ እንዲሁ ነው። እንግዲህ የሁለቱም ወላጆች በቸልታ፥ በሕመም ወይም በመንገድ ርቀት ምክንያት ዓመቱን ቢያሳልፉ፥ የመጀመሪያው ልጅ ከሁለት ዜግነቶች አንዱን ያጣል፤ ሁለተኛው ግን ያለ ዜግነት ይቀራል። ሕጉ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ይመዝናል፤ ቅጣቱ ግን የሚከብደው ሌላ መጠጊያ በሌለው ላይ ነው።

ይባስ ብሎ፥ ሕጉ ሌላ ዜግነት ላለው ልጅ ያሳየው ትዕግሥት ለዚህኛው አልተሰጠም። ወላጆች ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ እንዲያረጋግጡ የሚጠየቁት ልጁ የሌላ አገር ፓስፖርት እንደሌለው ነው፤ የሌላ አገር ዜግነት እንደሌለው አይደለም። እንዲያውም ያው አንቀጽ፥ ሁለት ዜግነት ያለው ልጅ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ሌላውን ካልተወ ሕንዳዊነቱ እንደሚቀር ይደነግጋል። ስለዚህ ሁለት ላለው ልጅ አስተውሎ እንዲመርጥ አሥራ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ተሰጥቶታል፤ አንድም ለሌለው ግን አንድ ዓመት፥ ያውም መናገር በማይችልበት ዕድሜው!

የመንግሥት ፈቃድ ይህን ያቃልላል ይባል ይሆናል። ዳሩ ግን አንቀጹ ፈቃዱ በምን ምክንያት እንደሚሰጥና በምን ምክንያት እንደሚከለከል አይናገርም። ምክንያቱ ያልተነገረ ፈቃድ ደግሞ ችሮታ እንጂ መብት አይባልም። ሕንድ የሕፃናትን መብት ስምምነት የተቀበለችው ዲሴምበር 11 ቀን 1992፥ ለእናቶች መብት የሰጠው እርማት በጸና ማግስት ነው። የዚያ ስምምነት 7ኛ አንቀጽ እያንዳንዱ ሕፃን ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው፥ ይልቁንም ያለ ዜግነት ለሚቀረው መንግሥታት እንዲያስቡለት ይደነግጋል።

በዚህ ረገድ የአገራችን ሕግ ለንጽጽር ይጠቅማል። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፥ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደውን ኢትዮጵያዊ አደረገ፤ አዋጅ ቍጥር 378/1996ም ይህንኑ መሠረት ይዟል። በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅም ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲመርጥ ተደንግጓል። በሥራ ላይ የወረቀቱ ችግር እኛንም አይተወንም፤ ቤሩት ወይም ጂዳ ውስጥ የወለደች ኢትዮጵያዊት የልጇን ትውልድ ለማስረዳት ብዙ ደጅ ልትጠና ትችላለች። ሆኖም ማስረዳት ያለባት ያለውን መብት ነው፤ ጊዜ ስላለፈ የጠፋውን መልሱልኝ ብላ አትለምንም።

እንግዲህ ለማረም የሚበቃው ጥቂት ነው። የአንድ ዓመቱ ገደብ ለመዝገቡ ሥርዓት ይኑር፤ ያሳለፈው ወላጅም በገንዘብ ይቀጣ። ነገር ግን ሌላ ዜግነት የሌለው ልጅ፥ የወላጁ ሕንዳዊነት በማናቸውም ጊዜ በተረጋገጠ ጊዜ፥ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ሕንዳዊ እንዲሆን ሕጉ በግልጽ ይናገር። በትውልድ ይገኛል የተባለ ዜግነት በእውነት የሚገኘው በትውልድ መሆን አለበት፤ ይህ ካልሆነ ግን ስሙ ተለውጦ በመዝገብ የሚገኝ ዜግነት መባሉ ይሻላል።