የሲኤንዲ ፋይል አነባበብ

አፓቺ ጃክራቢት በተባለው የይዘት ማከማቻ ላይ አዲስ ኖድ ታይፕ (የይዘት ዓይነት) ያስመዘገበ ባለሙያ ሥራውን እንዳይለት ሲጠይቀኝ ከጃቫ ኮዱ በፊት ታይፑ የተገለጸበትን የሲኤንዲ ፋይል እከፍታለሁ። ብስለቱም ጥድፊያውም እዚያ ይታያል።

መጀመሪያ የምፈልገው «ማንዳተሪ» የተባሉትን ፕሮፐርቲዎች ነው። ጃክራቢት ሕግ ማላላትን ይፈቅዳል፤ ግዴታ የነበረውን ኋላ አማራጭ ማድረግ ይቻላል። የተመዘገበን ታይፕ ማጥበቅ ግን አይቀበልም። ይህን የተረዳ ጀማሪ ሁሉንም ከወዲሁ አጥብቆ ይጀምራል። ስሌቱ ትክክል ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ይዘቱ ላይ ይወጣል። የአንድ ጋዜጣ ማህደር እንውሰድ። የጸሐፊ ስም ግዴታ ከሆነ ስም ያልተጻፈበት የቆየ ዘገባ አይገባም፤ ስለዚህ አስገቢው «ያልታወቀ» ብሎ ሞልቶ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ዕዳው የፈላጊው ነው። ጥሩ ፋይል የሚያስገድደው ያለሱ ኖዱ ትርጉም የሚያጣበትን ብቻ ነው፤ ለዘገባ ርዕሱ ይበቃል።

ጃክራቢት የሚከተለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የጄኤስአር 170 ደረጃ ዝግጅት የመራው ዴቪድ ኑሽለር መረጃው እንዲቀድም፣ መዋቅሩም ካስፈለገ ኋላ እንዲመጣ መክሯል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። አዲስ ታይፕ የሚገባው ሌላ ፕሮግራም የሚተማመንበት ቅርጽ ሲኖር ነው። የፍጥረት ቀንና ርዕስ ለመያዝማ ሚክስ ክሪኤትድና ሚክስ ታይትል የተባሉ ሚክሲኖች (በኖድ ላይ የሚታከሉ ታይፖች) ቀድሞም አሉ፤ ፋይልም በኤንቲ ፋይል ይቀመጥ።

«ኦርደረብል» የሚለውንም ልብ እላለሁ። ኤንቲ አንስትራክቸርድ የልጆቹን ቅደም ተከተል ይጠብቃል፤ በአንድ ወላጅ ሥር በብዙ ሺህ ሲከማቹ ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል። የጃክራቢት ኦክ ሰዎች ቅደም ተከተል የማይጠብቀውን ኦክ አንስትራክቸርድን የጨመሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ወደ ኮዱ እገባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ተከታይ ደረጃ፣ ከጄኤስአር 283 በፊት እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱ አመዘጋገብ ነበረው፤ ዛሬ ኖድ ታይፕ ማናጀር የተባለው በይነገጽ የጋራ ነው። ብዙዎች ግን የጃክራቢትን ሲኤንዲ ኢምፖርተር በአጭሩ ጠርተው ይተዉታል። ያ አጭር ጥሪ ቀድሞ የተመዘገበን ታይፕ ኮሽታ ሳያሰማ ይዘለዋል፤ በፋይሉ ላይ የተደረገው ለውጥ ሰርቨሩ ጋ አይደርስም፣ ስህተትም አይታይም። ዳግም መመዝገብን የሚፈቅደው ምርጫ በግልጽ «ትሩ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ሕገወጡ ለውጥ ወዲያው ይጮኻል። ስለዚህ ፋይሉ ከተለወጠ በኋላ በእውነተኛው ይዘት ቅጂ ላይ ሰርቨሩ ዳግም ሲነሳ ሳላይ ሥራውን አልቀበልም።