ባለሙያ አይሸመትም

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። የያኔዎቹ ሲ-47 አውሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ ነበሩ፤ መንገደኛው ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ጭነቱ መሃል ላይ ይታሰራል። ሥራ መሪዎቹና አብራሪዎቹም በአሜሪካው አየር መንገድ ቲደብሊውኤ በኩል የመጡ የውጭ ሰዎች ነበሩ።

እኔ የማደንቀው ሙያውን አገር ውስጥ ለማስቀረት የተደረገውን ጥረት ነው። አየር መንገዱ አብራሪውንም መካኒኩንም አዲስ አበባ ላይ አሠለጠነ፤ በ1963 ዓ.ም. ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። መንግሥታት ቢለዋወጡም ሥራው ቀጠለ። በ2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ድሪምላይነር የተባለውን አውሮፕላን ተረከበ። ዛሬ ከሌሎች አገሮች የመጡ ሠልጣኞችም እዚሁ ይማራሉ። አውሮፕላንማ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛል፤ ባለሙያ ግን በዓመታት ልፋት ይፈራል እንጂ አይሸመትም።