አሸንዳው ሲመሰገን

ሞተር የለውም፣ ነዳጅ አይጠይቅም፣ በጀርባ ይታዘላል። ወርቅ ፍለጋን መዝናኛቸው ያደረጉ ሰዎች ወንዝ ውስጥ የሚዘረጉት የወርቅ ማጠቢያ አሸንዳ ውበቱ ቅለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ጄምስ ማርሻል ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮሎማ ላይ ወርቅ ካገኘ በኋላ የጎረፉት ቆፋሪዎች ከሳንቃ ይሠሩት ነበር፤ ዛሬ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ሆኗል፤ ዘዴው ግን ያው ነው።

ምስጢሩ ክብደት ነው። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ተራ አሸዋ ግን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ውሃው ጠጠሩንና አሸዋውን ጠርጎ ሲሄድ፣ ወርቁ ወለሉ ላይ ከተጋደሙት ዘንጎች ጀርባ ይወድቃል፤ ከሥር የተነጠፈው ሻካራ ምንጣፍ ደግሞ ደቃቁን ይይዛል።

መግዛት ያሰበ ሰው ከዕቃው በፊት ወንዙን ይመልከት። ውሃው አነስተኛ ከሆነ ጠባቡ ይሻላል። ወርቁ እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ ከትልልቅ ዘንጎች ይልቅ ጥቃቅን ጎድጓዶች ያሉት የጎማ ምንጣፍ ይመረጣል። ለ1 ሜትር ርዝመት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት ለመነሻ ይበቃል። ከአሸንዳው የወጣውን አሸዋ በገበቴ አጥቦ መፈተሽ ደግሞ ግድ ነው፤ ወርቅ ከተገኘበት ወይ ውሃው በዝቷል፣ ወይ ተዳፋቱ አይሏል፣ ወይም አፈሩ በአንዴ ብዙ ተጨምሯል። በአንዳንድ ወንዞች ከገበቴ በቀር ሌላ መሣሪያ ስለማይፈቀድ ሕጉን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ለጀማሪ ቀላልና ቶሎ የሚጸዳ አሸንዳ ከውዱና ከግዙፉ ይበልጣል።