ሦስት ስም በአንድ ሽፋን

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ የሚቆም ጎብኚ ከሙርሲዎች ጋር የሚግባባባቸው ቃላት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። «ፎቶ» አንዱ ነው፣ «ብር» ሌላው፤ የቀረው ጣት መቀሰር ነው። ከመሀል አገር የምንሄደውም ከዚያ ብዙ አንሻልም። ሰዎቹን በከንፈራቸው እናውቃቸዋለን፤ ከከንፈራቸው የሚወጣውን ግን አናውቅም።

ስለዚህ ዴቪድ ተርተን፣ ሞገስ ይገዙ እና ኦሊሳራሊ ኦሊቡዊ አዘጋጅተው በ2008 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ያወጡት የሙርሲ–እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ዘግይቶም ቢሆን ሊወራለት ይገባል። «መዝገበ ቃላት ደግሞ ይነበባል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይነበባል እንጂ! እኔ የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት የምከፍተው ሌላው ሰው ልብ ወለድ በሚይዝበት ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ሽፋኑ ላይ ነው። ተርተን ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል ወደሚኖረው የሙርሲ ሕዝብ ሲመላለስ የኖረ እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ነው። ሞገስ ይገዙ ሙርሲ የሚመደብበትን የሱርሚክ ቋንቋዎች ቤተሰብ ድምፆች ያጠና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ምሁር ነው። ኦሊሳራሊ ራሱ ሙርሲ ነው፤ በኋላም ካሜራ ይዞ የወገኖቹን ኑሮ ፊልም ቀርጿል። የቃሉ ባለቤት ከምሁራኑ ጋር እኩል ደራሲ ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው የመዝገበ ቃላትን ታሪክ ለማያውቅ ሰው ነው።

የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ጀርመናዊውን ሂዮብ ሉዶልፍን በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ተዋወቁት፤ በ1652 ጎታ ድረስ ሄደው ግዕዙን አብረው አጠኑ። የግዕዙ መዝገበ ቃላት በ1661 ሲታተም ግን አባ ጎርጎርዮስ በባሕር አደጋ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏል፤ መጽሐፉም የሉዶልፍ ተባለ። ሉዶልፍ ውለታቸውን አልካደም። ቢሆንም ምስጋና ሌላ፣ ደራሲነት ሌላ ነው።

በአገር ቤት የሊቃውንቱ ወግ ከዚህ ይለያል። የግዕዙን ግስ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ገበሩለት፤ እርሳቸውም ሳያሳትሙት ሲያርፉ የእርሳቸው ተማሪ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። የእጅ ጽሑፍ እንደ ርስት ከእጅ ወደ እጅ ወረደ ማለት ነው። ወራሽ ያጣ ምን እንደሚገጥመው ለማየት ስኮትላንዳዊውን ጄምስ ቦዝዌልን ማስታወስ ይበቃል። በ1764 እ.ኤ.አ. ገደማ የጀመረው የስኮትስ መዝገበ ቃላት ረቂቅ ጠፍቶ፣ ኦክስፎርድ ካለው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የእርሱ መሆኑ የታወቀው በ2011 ነው።

ወደ ሙርሲው መጽሐፍ ልመለስ። ቃላቱ የተጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ስመለከተው ቅር አለኝ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩ የፊደል ፍቅር ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሙርሲ ሰባት አናባቢ አለው፤ የእኛም ፊደል ሰባት ቤት አለው። ታዲያ ምን ጎደለ? ቁጥሩ እንጂ ድምፁ አይገጥምም። ሙርሲ ሁለት ዓይነት «ኤ» እና ሁለት ዓይነት «ኦ» ይለያል፤ ፊደላችን ለእያንዳንዳቸው ያለው አንድ አንድ ቤት ነው። በአንጻሩ ግዕዙና ሳድሱ ሥራ ይፈታሉ። ወደ ውስጥ የሚሳቡ «በ» እና «ደ» የሚመስሉ ድምፆችም አሉ። ለኦሮምኛ «ዸ» እንደተፈጠረ ለእነዚህም ምልክት መፍጠር፣ ሥራ ለፈቱት ቤቶችም አዲስ ድምፅ መስጠት ይቻል ነበር። ይቻላል ማለቴ እንጂ ይቀላል ማለቴ አይደለም። ላቲኑ ለጥናት ይመቻል፤ ጂንካ መጥቶ የሱቅ ታፔላ በአማርኛ የሚያነብ የሙርሲ ልጅ ግን የገዛ ቋንቋውን በሌላ ፊደል ሊማር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የምከራከረው በዓምዶቹ ቅደም ተከተል ነው። እንግሊዝኛ ይቀድማል፤ አማርኛ ይከተላል። የሙርሲ የቀለም ስሞች የከብት መልክ ስሞች ናቸው። ተርተን በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ባለቀለም ካርድ ሲያሳያቸው የሚያመሳስሉት ከከብት ጋር ነው፤ እንዲህ ያለ መልክ ያለው ከብት ከሌለ «እንዲህ ያለ ከብት የለም» ነው መልሱ። ይህን በእንግሊዝኛ «ቀይ»፣ «ግራጫ» ብሎ ማለፍ ግድ ሊሆን ይችላል። አማርኛ ግን ራሱ የከብት ጠባቂ ቋንቋ ነው፤ ዳለቻ፣ ቡላ፣ ቦራ እያለ ያደገ። ሙርሲ ከአማርኛ ጋር በቀጥታ ቢገጥም ሁለት እረኞች በተገናኙ ነበር፤ መሀል ላይ እንግሊዝኛ ሲገባ አስተርጓሚ የያዙ ይመስላሉ።

ሌላም አለ። ሙርሲ አፍን «ቱጎ» ይላል፤ ቋንቋቸውንም «የሙን አፍ» ብለው ይጠሩታል፤ ሙን ማለት ራሳቸው ናቸው። እኛም «አፍ መፍቻ» እንላለን። ቱሪስት ገንዘብ ከፍሎ ፎቶ የሚያነሳው የከንፈር ሸክላም «ዴቢ ኣ ቱጎይን» ነው፤ ያው አፍ እዚያም አለ። አንድ ቃል ተከትሎ እዚህ መድረስ የሚቻለው በመዝገበ ቃላት ነው፤ በካሜራ አይቻልም።

በ2007 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ሙርሲዎች 7,500 ገደማ ነበሩ። ለዚህ ያህል ሕዝብ ሦስት ሰዎች ቁጭ ብለው ይህን ማውጣታቸው ትልቅ ሥራ ነው፤ ነቀፋዬም ከዚህ አይቀንስም። የመጽሐፉ በር ግን በሙርሲ በኩል ነው የሚከፈተው። ጂንካ ሆስፒታል የሚሠራ ነርስ፣ ፍርድ ቤት የተቀመጠ ዳኛ፣ ሐና ከተማ ያለ መምህር የአማርኛ ቃል በእጁ ይዞ ነው የሚመጣው፤ «የት ላይ ያምሻል?» ለማለት። ጂንካ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከአማርኛ ወደ ሙርሲ የሚወስደውን መዝገበ ቃላት እዚያ ያሉ መምህራንና የሙርሲ ተማሪዎች ይጀምሩት፤ ሽፋኑ ላይ የተናጋሪዎቹ ስም አይቅር።